ጠፋ እንጂ ተሰረቀ አይባልም

የሰፈሩ የሰላምና የደኅንነት ኮሚቴ ሌባ መያዝ ቢያቅተው ቃል ያዘ።

ውሳኔው የተላለፈው ከፋርማሲው ጓዳ፣ በሳል ሽሮፕ ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው ባደረጉት ስብሰባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ «ተሰረቀ» አይባልም፤ «ጠፋ» ይባላል። «ቀሙኝ» አይባልም፤ «ጣልኩት» ይባላል። «ሌባ» የሚለው ቃልማ ጭራሽ በእንግዳ ፊት የማይነሣ ነውር ሆነ። ሰፈሩ «ከወንጀል የጸዳ ሰፈር» ለሚለው የማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ታጭቷል፤ ሰሌዳው እስኪሰቀል ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይጠብቅ ተባለ። ኪሱን የሚጠብቅለት እንደሆነ ድሮም አልነበረም።

የኮሚቴው ሊቀመንበር የቤት ደላላ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ይኖረዋል፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ቁልፌ» በሚለው ነው። የሚያከራያቸውንና የሚያሻሽጣቸውን ቤቶች ቁልፍ በሙሉ በአንዲት ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ከትቶ ስለሚዞር፣ ሲራመድ ቃጭል እንዳሰሩለት በግ ይንሿሿል። ከሩቅ ሲሰማ ቤት ያለው ሰው ፈገግ ይላል፤ ቤት የሌለው መንገድ ይቀይራል። ጸሐፊው ፋርማሲስቱ ነው፤ መስኮቱን ደጋግመው ሰብረው መድኃኒቱን ሲያግዙበት «ነፋስ ነው» እያለ መስታወት የሚያስቀይር፣ የሰለጠነ ሰው።

ሕዝቡ እንደሆነ ምን ይሳነዋል፣ ለመደው። አውቶቡስ ሲጠብቁ እንዲህ ይባባላሉ።

«ስልክሽስ?»

«ጠፋ።»

«ውይ! የት ጠፋ?»

«ጆሮዬ ላይ።»

ይስቃሉ። ሌላው ይቀበልና፣ «የኛ ሰፈር ከሌባ የጸዳ ሳይሆን ሌባ ያጸዳው ነው» ይላል። እንደገና ይስቃሉ። ሳቁም በቂ ሆኖላቸው አውቶቡሳቸውን ተሳፍረው ይሄዳሉ። መምህርቷ ግን ከወረፋው ጫፍ ቆማ አትስቅም። ጨዋታው የማይገባት ሆኖ አይደለም። ከሁሉም በፊት የገባው ለሷ ነበር።

የመምህርቷ ባል ሾፌር ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከመሪው ከተለየ በኋላም እግሩን እንደ ጎማ የሚቆጥር ሰው። ደረጃ ሲወርዱ ክንዷን ይዞ «ማርሽ ቀንሺ» ይላታል። መንገድ ሲሻገሩ ግራና ቀኙን የሚያየው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በሙሉ አንገቱ ነው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሲደናቀፍ እንኳ አይታው አታውቅም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመነጽር ሠሪው ዘንድ የእሷን የተጠገነ መነጽር ተቀብሎ ሲመለስ፣ በእግረኛ መሻገሪያው ድልድይ ደረጃ ላይ ሁለት ጎረምሶች ቦርሳውን ሲነጥቁት አልለቅም ያለው። ጎተቱት፤ ያዘ። ገፈተሩት። ቦርሳው ከነሱ ጋር ሄደ፣ ማንገቻው ከሱ ጋር ቀረ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ነርሷ ማንገቻውን ከጣቶቹ መሐል ለማላቀቅ ተቸግራ ነበር።

መምህርቷ ከዚያ ወዲህ በአሮጌው መነጽር ነው የምታየው። አዲስ አላሠራችም። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ብትጠየቅም አትናገርም።

በቀብሩ ሰሞን ሰፈሩ በአንድ አፍ «ጣሉት» ነበር የሚለው። «ገፍትረው ጣሉት እኮ፤ የእጃቸውን ይስጣቸው!» ትንሽ ቆይቶ «እንዲያው ሲታገሉ ወደቀ» ተባለ። ሰፈሩ ለሰሌዳ ሲታጭ ደግሞ አጠረና «ወድቆ ነው» ሆነ። ወድቆ። ጊዜው እንደደረሰ ፍሬ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ።

መምህርቷ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሰዋስው ስታስተምር ነው። እንደሷ ያለ ሰው ፊት ግስ መቀየር፣ ሐኪም ፊት መድኃኒት እንደመቀየር ነው፤ ሌላው ባያይ እሷ ታያለች። «ወደቀ» የማይሻገር ግስ ነው። በራሱ ተነሥቶ በራሱ ያልቃል፤ ማንንም አይነካም። «ጣለ» ግን ተሻጋሪ ነው፤ ካንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል፤ ባለቤትም ተሳቢም ይፈልጋል። ኮሚቴው ይህን ግስ ለዕቃ ፈቅዶ ለሰው ከለከለው። ሰው ስልኩን ጣለ ይባላል፤ ሰውን ሰው ጣለው አይባልም። «ባለቤትሽ ወደቀ» ሲሏት ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ባለቤቷ ይሆናል፤ ሞቱን የሠራው እሱ፣ የሞተውም እሱ። እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ከደረጃው እንደወጡ ከዓረፍተ ነገሩም ወጥተው ሄደዋል። መሻገሪያ ላይ ለሞተ ሰው ተሻጋሪ ግስ ነፈጉት።

ሌባው ይያዝልኝ አላለችም። ከነማን ጋር እንደምትኖር ታውቃለችና በዚህ ራሷን አላታለለችም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለሱ ሲወራ ወደቀ እንዳይባል። ይህንን ደግሞ ከሚወዱትም ከሚያውቁትም አላገኘችም።

ከድልድዩ ደረጃ ሥር ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አለች። ያን ዕለት ሁሉንም ያየች እሷ ነበረች፤ ሆስፒታል ድረስ ተከትላ መጥታ በሁለት እጇ እያሳየች «እንዲህ ጎትተው፣ እንዲህ አርገው ጣሏቸው» ያለቻት እሷው። መምህርቷ አንድ ጧት አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ዛሬ ማር ነው፤ ልመዝንልዎት?»

«መዝኚልኝ። ያን ቀን ያየሽውንም ንገሪኝ እስቲ።»

የሴትየዋ እጅ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ከራሷ በላይ አዲስ ሰማያዊ ጃንጥላ ተተክሏል፤ በጠርዙ ዙሪያ የኮሚቴው ስም በነጭ ተጽፎበታል። ድሮ ፀሐይ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ዘንቢሏን ታቅፋ የምትሮጥ። አሁን የሚያስሮጣት የለም።

«እንግዲህ እትዬ… ግርግር ነበር እኮ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወድቀው ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«ወድቀው ነው።»

«በእጅሽ ያሳየሽኝስ?»

«እትዬ፣ በሞቴ አፌን አያስከፍቱኝ። ልጆች አሉኝ።»

መምህርቷ ቀና ብላ ጃንጥላውን አየች። «ጥሩ ጥላ ነው» አለች። «ፀሐይም አያስገባ፣ ሌላም ነገር አያስገባ።»

ብርቱካኑን ገዝታ ሄደች። ንቀትም ደረጃ አለው፤ መምህርቷ ለብርቱካን ሻጯ የሰጠቻት የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነው። ለጃንጥላ ብሎ ዝም የሚል ሰው ቢያንስ ፀሐይ መትቶታል። ከላይ ያለውን ንቀቷን ለሌላ ሰው አስቀምጣው ነበር፤ ባለቤቱም ብዙ ሳይቆይ እየተንሿሿ መጣ።

ቁልፌ በሯን ያንኳኳው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጇ ልትጠይቃት መጥታ ሻይ እየጠጡ ነበር። ገባ፣ ቁጭ በሉ ሳይባል ቁጭ አለ፤ ካሉት ወንበሮች መርጦም የሟቹ ወንበር ላይ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ደባበሰው። ሰው ድመቱን እንኳ እንደዚያ አያቅፍም።

«መምህርት፣ እንዴት ነዎት? በርትተዋል?» አለ። አንደበቱ እያጽናና ዓይኑ ጣሪያውን ይለካ ነበር። «ይኼ ሳሎን ግን እንዴት ያለ ብርሃን አለው! ሰው የማያውቀው ቤት እኮ ነው።»

«ሰው እንዲያውቀው አልፈለግንም።»

«ኸረ እንዲያው ነው።» ወደ ልጇ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ልጇ ዓይኗን ወደ ሻይዋ መለሰች። መምህርቷ ይህንንም አየች። በአሮጌ መነጽርም የሚታይ ነገር አለ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው።

«ነገ ሰሌዳችን ይገለጣል። ከማዘጋጃ ቤት ትልቅ ሰው ይመጣሉ። ታዲያ ወሬኛ መቼም አይጠፋም፤ ‹እዚያ ሰፈር ሰው ተገድሏል› ብሎ ጆሯቸው ያደረሰ አለ። የኛ ሰው ክፋቱ! እና እኛ በኮሚቴ ተቀምጠን ስናስበው፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ የተከበሩ፤ ብቅ ብለው ሁለት ቃል ቢሉልን ወሬው እዚያው ይሞታል።»

«ምን ብዬ?»

«‹ወድቆ ነው።› በቃ። ሌላ አንፈልግም።»

«ማን?»

«ምን ማን?»

«ማን ነው የወደቀው? ባለቤት የለውም ዓረፍተ ነገሩ።»

«ባለቤትዎ ነዋ!» አለ ቁልፌ፤ ቀልድ ያማረለት መስሎት ሳቀ። ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ ሳቁን በሳል ዘጋው። «መምህርት፣ ይኼ ለኔ አይደለም። ለሰፈሩ ስም ነው። ስም ያለው ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሌላ ነው፤ ስም የሌለው ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሌላ ነው። ለልጅትም ነግሬያታለሁ።»

«ለልጅት ምን ነገሯት?»

«እማዬ…» አለች ልጇ።

«ምንም! እንዲያው ምናልባት እርስዎ ከልጅዎ ጋር መኖር ቢያምርዎት፣ ይኼ ሳሎን…»

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለች መምህርቷ።

ቁልፌ ፊቱ በራ። ሰዓቱን ነገራት፣ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ቦርሳውን አነገተ። «እመጣለሁ» ነበር ያለችው። እላለሁ አላለችም። ደላላ ግን ጆሮው የተሠራው የመጨረሻዋን ቃል እንዲሰማ ነው፤ እሺ የምትመስል ነገር ከሰማ ሌላው አይገባውም። ደረጃውን ሲወርድ የቁልፎቹ ድምፅ እስከ ታች ተሰማ። ሳይዝ፣ ሳይጠነቀቅ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሰው አይወድቅም፤ የሚወድቀው ማርሽ የሚቀንሰው ነው፣ እንደነሱ አባባል።

ልጇ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

«እማዬ፣ በይውና ይለፍ። አባዬን እንደሆነ አይመልሰው።»

«አይመልሰውም።»

«ታዲያ?»

«አንቺም ወደቀ ነው የምትዪው?»

ልጇ የቧንቧውን ውኃ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «ወደቀ ስል ይቀለኛል» አለች። «ጣሉት ስል የጣለው ሰውዬ እጅ ይመጣብኛል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ እጁ አይሄድልኝም። ቀሎኝ እንድተኛ ነው እንጂ ንቄው ነው?»

መምህርቷ ብርጭቆዎቹን ተቀብላ ራሷ አጠበች። የእሱን ወንበርም በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፤ ደላላው የተቀመጠበትን።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከድልድዩ ሥር ያለው ሜዳ በፕላስቲክ ወንበር ተሞላ። ሰሌዳው በቢጫ መጋረጃ ተሸፍኖ ከብረት ምሰሶ ጋር ተበይዷል፤ ብየዳው አላስተማመነ እንደሆነ ሁለት ዘበኞች ዱላ ይዘው በግራና በቀኝ ቆመውለታል። ከወንጀል የጸዳ ሰፈር የሚለውን ሰሌዳ ሰው እንዳይሰርቀው።

«ምነው ለሰሌዳው ዘበኛ?» አለ ከሕዝቡ አንዱ ጮክ ብሎ።

«እንዳይጠፋ ነዋ!» አለው ሌላው።

«በእግሩ ይሄዳል ብለው ነው?»

ፋርማሲስቱ ወደ ኋላ ዞሮ ገላመጣቸው። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ በሰፈሩ አንድም ስርቆት እንዳልተመዘገበ አበሠረ። «ዕቃ የጠፋባቸው አንዳንድ ነዋሪዎች አሉ» አለ፣ «ሕዝባችን ትንሽ ዝንጉ ነው!» የፊተኛው ረድፍ ሳቀ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው እንግዳ ወፍራም፣ ቅን ፊት ያለው ሰው ነበር፤ የሚነግሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ለዚህም ሹመት የተሰጠው የሚመስል። ቁልፌ ከጎኑ ተቀምጦ በጆሮው ያንሾካሹካል። የቁልፍ ቦርሳው ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። ከወንጀል በጸዳ ሰፈር ሰው ቦርሳውን ታቅፎ ቢቀመጥ እንግዳው ምን ይላል?

«አሁን ደግሞ» አለ ፋርማሲስቱ፣ «ክብርት መምህርታችን፣ በቅርቡ ባጋጠማቸው የመውደቅ አደጋ ባለቤታቸውን ያጡት፣ አጭር ንግግር ያደርጉልናል።»

የመውደቅ አደጋ። መምህርቷ ተነሥታ ወደ መድረኩ ሄደች። ልጇ ከኋላ ረድፍ ላይ ሆና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራለች። የድምፅ ማጉያው ባለሙያ ማይኩን ወደ አፏ አቅርቦላት «አንድ ሁለት» ብሎ ሞከረና ራቅ አለ። ከመድረኩ ላይ ሁሉም ይታያል፤ ወንበሮቹ፣ ሰማያዊው ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ጀርባ ያ ደረጃ።

ዓይኗን ከደረጃው ላይ አላነሣችም። ቁልፌ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ እሷ አንገቱን አሰገገ፤ በከንፈሩ ብቻ «ወድቆ ነው» ይላታል፣ ቃለ ተውኔቷን እንደረሳች ተዋናይ አድርጎ እየቆጠራት። ያኔ ነው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ከወንበሮቹ ጀርባ አለፍ ብሎ፣ ቦርሳውን የራሱን ኮት እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብሎ አንሥቶ የሄደው። አልሮጠም። መሮጥም እኮ አክብሮት ነው፤ ያንን እንኳ ነፈጋቸው።

ቁልፌን ያነቃው ድምፁ ነው። ዘመኑን ሁሉ ከጎኑ ተለይቶት የማያውቀው ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማ፤ ከራሱ ርቆ። እጁን ወደ ወንበሩ ጀርባ ሰደደ። ዞረ። ብድግ አለ።

«ሌ…!» ብሎ ጀመረ፤ የእንግዳውን ፊት አየና ዋጠው። «ጠፋ!» አለ። «ጠፋ! ጠፋ! ኧረ ጠፋ!»

«አልጠፋም ጋሼ፣ ይሰማል!» አለ የድምፅ ባለሙያው ከገመዱ ቀና ብሎ። «ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል አይደል?»

«ይሰማል!» አለ ሕዝቡ።

«ጠፋ እኮ ነው የምላችሁ!»

«መብራት ነው?» አለ ፋርማሲስቱ ደንግጦ። «ጄኔሬተሩን አስነሡ!» አንድ ሰው ሮጦ ጄኔሬተሩን አስነሣው፤ በጠራራ ፀሐይ ተንደቀደቀ፣ ጥቁር ጭሱም የፊተኛውን ረድፍ አለበሰው። ባለ ንጹሕ ሸሚዙ ሰው ይኼኔ ከጃንጥላው አጠገብ ደርሷል። ብርቱካን ሻጯ አየችው፤ ቦርሳውንም አየችው፤ ቀና ብላ ጃንጥላዋን አየች። ሰውየው ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

መምህርቷ ማይኩ ፊት ናት። አንዲት ቃል ብትጮኽ ሜዳው በሙሉ ይሰማል፣ ደረጃው ላይ ያለውም ይያዛል። ባለ ቦርሳው ግን ያቺን ቃል ለመዋስ እንኳ ገና አልጠየቃትም። ወደ ቁልፌ ዞረች።

«ሊቀመንበር፣ ምን ሆኑ?» ድምፅዋ በሜዳው ላይ ተንጣለለ።

«ቦርሳዬ! የቁልፍ ቦርሳዬ!»

«ወሰዱብዎት? ወይስ ወደቀብዎት?»

ቁልፋቸው እዚያ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሰዎች ከያሉበት አንገታቸውን አሰገጉ። ቁልፌ ደረጃውን አየ፤ ቦርሳው ግማሹን ወጥቷል። መጋረጃ የለበሰውን ሰሌዳ አየ። ከጎኑ በቅንነት ቀና ብሎ የሚያየውን እንግዳ አየ። የብዙ ሰው በር በዚያ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይመለሳል።

«ወ… ወድቆ ነው» አለ።

«ወድቆ ነው?»

«ወድቆ ነው! እዚሁ ነው፣ የት ይሄዳል!»

«ታዲያ እንፈልግለት እንጂ!» አለ እንግዳው ከልቡ፤ ሱሪውን በጉልበቱ በኩል ሰብሰብ አድርጎም አጎነበሰ። ትልቅ ሰው ካጎነበሰ ማን ቀና ይላል? ፋርማሲስቱ ተንበረከከ። ኮሚቴው በሙሉ ተንበረከከ። ቁልፌ ራሱ፣ ቦርሳውን በዓይኑ የሸኘ ሰው፣ በአራት እግሩ ሆኖ በፕላስቲክ ወንበሮች ሥር ይዳብስ ጀመር። የፊተኛው ረድፍ ፊቱን መሬት ቀብሮ መቀመጫውን ለሕዝብ አቀረበ። መምህርቷ ከላይ ሆና አየቻቸው፤ ለረጅም ጊዜ ያልጎበኛት ነገር፣ ሳቅ፣ እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ ተመለሰ። ሊሳቅባቸው እንኳ አይበቁም።

«እነሱ እስኪያገኙ እኔ ልናገር» አለች በማይኩ። «ባለቤቴ ሾፌር ነበር። ደረጃ ሲወርድ ማርሽ የሚቀንስ ሰው ነበር። ባለቤቴ አልወደቀም። እዚያ ደረጃ ላይ ሌቦች ጎትተው ጣሉት።»

ይኸው ነው። ከመድረኩ ወረደች። ማንም አላጨበጨበም።

«ምን አሉ?» የሚል የእንግዳው ድምፅ ከወንበር ሥር ተሰማ።

«ወድቆ ነው አሉ» አለ ፋርማሲስቱ፣ በጉልበቱ እንደተንበረከከ።

ያን ጊዜ ነው ከጃንጥላው ሥር የጮኸ ድምፅ የመጣው። ማይክ አልነበረውም፤ ገበያ የሚጠራ ጉሮሮ ማይክ አይፈልግም።

«ኧረ ጣሉት ነው ያሉት! ጆሮህም ጠፋ እንዴ? ጣሉት! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ! ደግሞ ምን ያጎነብሳችኋል፣ ቦርሳውን የያዘው ሌባ በጎኔ አልፎ ሄዷል!»

ሕዝቡ ፈነዳ። «ጣሉት!» አለ አንዱ፤ «ጣሉት ነው!» አለ ሌላው። ጅብ ከሄደ ውሻ ይጮኻል፤ እነሱም የዚያን ቀን የጮኹት ሰውየው ደረጃውን ወጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። መምህርቷ ስለ ድፍረታቸው የምታመሰግነው አልነበራትም። ቃሉን ግን ሰማችው፤ ከብዙ አፍ፣ ከነባለቤቱ።

ሰሌዳው ያው ተገለጠ፤ ብየዳ የያዘውን ማን ያወርደዋል። እንግዳው ጉልበቱን አራግፎ ሪባን ቆረጠ፣ በማለዳው እንደነገሩትም አምኖ ሄደ። ያን ሳምንት በሰፈሩ ውስጥ ያላረፈ ቢኖር ቁልፍ ሠሪው ነበር፤ ከበር በር ሲሮጥ ይውላል። ቁልፌ ለጠየቀው ሁሉ «ወድቆብኝ» እያለ ሲመልስ ከረመ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሰው ሲሰረቅ «ምነው፣ ወደቀብህ?» ተብሎ ይቀለድበታል። ሰማያዊው ጃንጥላም በማግሥቱ ተነቀለ። ብርቱካን ሻጯ ፀሐይዋ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች። መምህርቷ ብርቱካን በገዛች ቁጥር የራሷን ጥላ ትታላት ትሄዳለች፤ ሴትየዋም በየጊዜው «እትዬ፣ ጥላዎን ረሱ!» እያለች ትጣራለች።

ያን ዕለት ግን፣ ሕዝቡ ገና እየጮኸ፣ እናትና ልጅ ወደ ቤት የሚወስዳቸውን ድልድይ ወጡ። ልጇ ከአባቷ ሞት ወዲህ በዚያ አልፋ አታውቅም፤ ስትመጣም ስትሄድም ዙሪያውን ነበር የምትዞረው። ተሻግረው በወዲያኛው በኩል መውረድ ሲጀምሩ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ማርሽ ቀንሺ» አለቻት።

ጥቂት ወረዱ። ከዚያ ልጇ ቆመች።

«አባዬን የጣሉት የቱ ጋ ነው?»

መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መልሳ አደረገችው። ከወጡበት ወደ ኋላ ዞራ፣ በድልድዩ ማዶ ያለውን ደረጃ በጣቷ አሳየቻት።

«ነይ፣ እንመለስ» አለች። «ላሳይሽ።»